ፈራሚው ማን ነው?

(በሃይማኖታዊ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የቦርድ አባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ እምብዛም አልተነካካም።)

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እጃችሁን እያወዛወዛችሁ ነው፤ ይሰማል ማለት ነው። ጥሩ።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሰዎች እምነታችን አንድ እንዳልሆነ አያለሁ። ስለዚህ ሰላምታዬን ሁላችሁም በለመዳችሁት መንገድ ተቀበሉኝ።

በግብዣው ደብዳቤ ላይ አንድ ነገር አስጨምሬ ነበር። «የድርጅታችሁን መተዳደሪያ ደንብ ይዛችሁ ኑ» የሚል። እስቲ ይዛችሁ የመጣችሁ እጅ አውጡ። አንድ፣ ሁለት... አምስት። አምስት ሰው! ሌሎቻችሁ ቢሮ አለ ብላችሁ ነው አይደል? መሳቢያ ውስጥ። እሺ። አምስታችሁ ግን እንዳትጠፉ፤ መጨረሻ ላይ እፈልጋችኋለሁ።

አሁን ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው ደረሰኝ ሳገላብጥ ነው። ግን ከዚያ ዕድሜ ላይ ዘጠኝ ዓመቱን ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ጨርሼዋለሁ። ከሳሽ ሆኜ አይደለም። ተከሳሽም አልነበርኩም። ፋይል ተሸካሚ ነበርኩ። የማገለግልበት የበጎ አድራጎት ድርጅት ለሁለት ተከፍሎ ሲካሰስ፣ ሰነዱ ያለው እኔ ዘንድ ስለሆነ ሁለቱም ወገን ይጠሩኛል። ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ነበር የማነሳው። አንድ ለነዚህ፣ አንድ ለነዚያ። የቀለሙንም የወረቀቱንም ሒሳብ የምይዘው እኔው ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ ሕግ አላስተምርም። ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ ስለ አንድ የተቀመጠ ገንዘብ። ሁለተኛ፣ ዳኛ በእንዲህ ያለ ጠብ ውስጥ ምን እንደሚያይ። ሦስተኛ፣ ስለ እኔው ስለ ራሴ። አንደኛው ረዘም ይላል፤ ሁለተኛው ያጥራል። ሦስተኛውን መናገር ትንሽ ያሳፍረኛል፤ ግን እናገራለሁ።

እንግዲህ አንደኛው። ገንዘቡ።

ህንድ ውስጥ፣ በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ዛሬ ኬረላ የሚባል ግዛት አለ። እዚያ እጅግ ጥንታዊ ክርስቲያኖች ይኖራሉ። ወንጌልን ያመጣልን በ52 ዓ.ም. የደረሰው ሐዋርያው ቶማስ ነው ይላሉ። የኦርቶዶክሷ ቤተ ክርስቲያናቸው ማላንካራ ትባላለች። ከኢትዮጵያ፣ ከግብፅ፣ ከአርመንና ከሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በእምነት አንድ ናት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ሰነዶቹ እንዲያ ስለተጻፉ።

በ1808 የዚህች ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት አባት 3,000 ስታር ፓጎዳ አስቀመጡ። ስታር ፓጎዳ የማድራስ የወርቅ ሳንቲም ነው። ትንሽዬ ናት፤ በአንድ ፊቷ ኮከብ አለባት። ያስቀመጡት የት መሰላችሁ? ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ዘንድ። ያኔ ህንድ ውስጥ ጦርም ግብርም ገንዘብም በእጁ የነበረ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ውሉ ቀላል ነው። ዋናው ገንዘብ ለዘላለም አይነካም። ኩባንያው በዓመት 8 ከመቶ ወለድ ይከፍላል። ወለዱ ለበጎ አድራጎት ይውላል።

እስቲ እናስላው፤ ሙያዬ ነውና ታገሱኝ። የ3,000 ስምንት ከመቶ፣ 240 ፓጎዳ ነው። አንዱ ፓጎዳ በሦስት ሩፒ ተኩል ይመነዘር ነበር። ስለዚህ ዋናው 10,500 ሩፒ፣ የዓመቱ ወለድ 840 ሩፒ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። 840።

ያስቀመጡት አባት ብልህ ናቸው፤ ማንም አይክድም። ኩባንያው ራሱ በ1858 ሥልጣኑን ተነጥቆ ለእንግሊዝ ዘውድ አስረከበ፤ በኋላም ፈረሰ። ወለዱ ግን አልፈረሰም። መንግሥት ተረክቦ መክፈሉን ቀጠለ። ስንቶቻችን ነን ዛሬ ከባንኩ ዕድሜ በላይ የሚኖር ገንዘብ ያስቀመጥን? እሳቸው አስቀምጠዋል። ገንዘቡን ከሌባ ጠበቁት። ከክስረት ጠበቁት። ከመንግሥት ለውጥም ጠበቁት። ከልጆቻቸው ግን አልጠበቁትም።

ጠቡ የመጣው በየተራ ነው። መጀመሪያ ከእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ጋር ነበር። ለጥቂት ዓመታት አብረው ሠሩና ተቀያየሙ። በ1840 ሸምጋዮች ተቀምጠው ንብረቱን አካፈሏቸው፤ የፓጎዳው ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ደረሳት። ከዚያ ጠቡ ቤት ውስጥ ገባ። ሁለት ጳጳሳት «መሪው እኔ ነኝ» አሉ። ያ ክርክር በትራቫንኮር፣ ያኔ በዚያ አካባቢ በነበረ ንጉሣዊ ግዛት፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1889 ተዘጋ። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለአንደኛው ወገን ፈረዱ። የተሸነፉት ወጥተው ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ፤ እስከ ዛሬ አለች።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ መጣሁ። ወለዱ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነበር። የጳጳሱ፣ የአንድ ቄስ ባለአደራና የአንድ ምእመን ባለአደራ። ጥሩ አሠራር ነው አይደል? ሦስት ፊርማ! እኛም ሦስት ፊርማ ነው ያለን። እናንተም ሦስት ፊርማ ይኖራችኋል። ኦዲተር ሲመጣ ደረታችንን ነፍተን የምናሳየው እሱን ነው።

በ1911 የአንጾኪያው ፓትርያርክ፣ የሶርያዋ ቤተ ክርስቲያን መሪ ማለት ነው፣ ጳጳሱን አወገዙ። ምክንያቱ የሥልጣን ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ምድራዊ ንብረት ላይ ፓትርያርኩ ያዛሉ ወይስ አያዝዙም? ሁለቱ ባለአደራዎች ከፓትርያርኩ ጋር ቆሙ። የጳጳሱ ወገን ደግሞ ተሰብስቦ ሌሎች ሁለት ባለአደራዎች መረጠ። ይህ ብቻ አይደለም። በ1912 ሌላ ፓትርያርክ መጡ። እኚህኛው የኦቶማኑ ሱልጣን ዕውቅናውን ያነሳባቸው ናቸው። መጥተው ለህንዶቹ የራሳቸውን ካቶሊኮስ፣ ማለትም የአገሩን ቤተ ክርስቲያን የበላይ አባት፣ ሾሙላቸው። አሁን ሁለት ፓትርያርክ አለ። ሁለት ወገን አለ። ሁለት ጊዜ ሦስት ፊርማ አለ።

እስቲ እናንተ ያ ገንዘብ ከፋይ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሁለቱም ደረሰኝ ይዘው መጥተዋል። ሁለቱም መስቀል ይዘዋል። ሁለቱም «እኛ ነን» ይላሉ። መንግሥት አንድ ብልህ ነገር አደረገ። በ1913 ራሱ ፍርድ ቤት ሄደና «ገንዘቡ እኔ ዘንድ አለ፤ አልካድኩም። ለማን ልስጥ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱን ወገን «እናንተ ተከራከሩ» አላቸው። ይህ ክስ በአገሩ ቋንቋ ቫቲፓናም ይባላል። የወለድ ገንዘብ ማለት ነው። እዚያ አገር ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀዋል።

በ1919 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለጳጳሱ ወገን ፈረደ። በ1923 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ገልብጦ ለፓትርያርኩ ወገን ፈረደ። «እንደገና ይታይልን» ተባለ። በ1928 ያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት መልሶ ገለበጠው፤ ለጳጳሱ ወገን። ከ1913 እስከ 1928 ስንት ነው? 15 ዓመት። 840ን በ15 አባዙት። 12,600 ሩፒ። አያችሁ? የክርክሩ ዘመን ወለድ ከዋናው ገንዘብ በለጠ! ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ወለዱ ይቆጠራል፤ ድሃው ግን አላየውም።

ከዚህ ክስ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ሳነብ ደሜ የቀዘቀዘበት። ዳኞቹ ፓትርያርኩ ምን ያህል ሥልጣን እንዳላቸው ለማወቅ የቀኖና መጽሐፉን አምጡ አሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሶርያው ሊቅ በባር ሄብራየስ የተዘጋጀ የቀኖና መጽሐፍ ነው። ሁለቱም ወገን አመጡ። ሁለቱም «ይኸው» አሉ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ ቅጂው ግን ሁለት ነው። አንደኛው ቅጂ ለፓትርያርኩ ብዙ ሥልጣን ይሰጣል። ሁለተኛው ያንን ያህል አይሰጥም። ስለዚህ ክርክሩ «የትኛው ቅጂ ነው እውነተኛው?» ወደሚል ተሻገረ።

ሁለት ቅጂ። ይህንን ደግሞ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያስ? አለቀ? አላለቀም። በ1938 ሌላ ክስ ተከፈተ። ህንድ ነፃ ወጣች፣ ክሱ አለ። ኬረላ የምትባል ግዛት ተፈጠረች፣ ክሱ አለ። በ1958 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለካቶሊኮሱ ወገን፣ ማለትም ለቀድሞው የጳጳሱ ወገን፣ ፈረደ። የሚገርመው ነገር የመጣው ከፍርዱ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሁለቱ ወገኖች ታረቁ። ተቀባበሉ። በ1964 ፓትርያርኩ ራሳቸው ከሶርያ ተነስተው ሄደው አዲሱን ካቶሊኮስ በእጃቸው ሾሙ። በጥር 1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአብያተ ክርስቲያናቱን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ፣ ፓትርያርክ ያዕቆብ ሣልሳዊና የህንዱ ካቶሊኮስ አውጌን ቀዳማዊ በአንድ ጉባኤ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ዘመን የተካሰሰ ቤት!

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም። በ1970ዎቹ እንደገና ተሰነጠቀ። በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደ። በ2017 እንደገና ፈረደ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ሁሉ የሚተዳደሩት ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1934 ባወጣችው ደንብ ነው አለ። ያኔ ጉዳዩ 840 ሩፒ መሆኑ ቀርቷል። ከሺህ በላይ አጥቢያዎችን የሚነካ ሆኗል። ከፍርዱም በኋላ በር የሚዘጋ፣ በፖሊስ የሚገባ ብዙ ነበር። ሬሳ እንኳ በመቃብሩ ጉዳይ እየተጣሉበት ሳይቀበር የቆየበት ጊዜ አለ። በ2020 የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕግ ማውጣት ግድ ሆነበት፤ ምእመን የየትኛውም ወገን ይሁን በአጥቢያው መቃብር የመቀበር መብት አለው የሚል። እናት አባታችሁን ከአያታችሁ አጠገብ ለመቅበር ሕግ ሲያስፈልግ አስቡት።

እንዳትሳሳቱብኝ። 840 ሩፒ ነው ያጣላቸው አልልም። ጠቡ የሥልጣን ነው፤ ሥሩም ጥልቅ ነው። ሁለቱም ወገን ውስጥ ለእምነቱ ሲል ቤቱን የሸጠ ሰው ይኖራል። እኔ ማን እውነት እንዳለው አልፈርድም። የምለው አንድ ነገር ነው። በ1808 ገንዘቡ ሲቀመጥ መጠኑ ተጽፏል። ወለዱ ተጽፏል። ዘላለማዊነቱ ተጽፏል። «ፈራሚዎቹ ከተጣሉ ማን ይወስናል?» ለሚለው ነው ከመቶ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት የተፈለገው። ሣጥኑን ሁሉም ይጠብቃል። እስክሪብቶውን ማን ይጠብቀው?

ውኃ ልጠጣ።

ሁለተኛው ነገር። ዳኛ ምን ያያል?

ብዙዎቻችን ስንከሰስ ወይም ስንከስ የምናስበው እንዲህ ነው። «እውነት ከእኛ ጋር ናት። ዳኛው ሲሰማን ይገባዋል።» የእኛም ሰዎች እንዲያ ነበር የሚሉት። የመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት አንዱ ወገን ሦስት ቅዱሳት መጻሕፍት በፌስታል ይዞ መጣ። ዳኛዋ አየቻቸውና «እነዚህን አስቀምጧቸው፤ መተዳደሪያ ደንቡ የታለ?» አለች። ዳኛ ወረቀት ነው የሚያየው።

እንግሊዝ አገር፣ ዮርክ ከተማ፣ ሣራ ሄውሊ የሚባሉ ባለጸጋ እመቤት ነበሩ። በ1704 ንብረታቸውን በአደራ ሰጡ። ለማን? «ድሃ ለሆኑና እግዚአብሔርን ለሚፈሩ የክርስቶስ ቅዱስ ወንጌል ሰባኪዎች»። ያምራል አይደል? ማን ይቃወመዋል! እመቤቲቱ በ1710 ዐረፉ። ባለአደራዎቹ በባለአደራ እየተተኩ ሄዱ። ከመቶ ዓመት በኋላ ባለአደራዎቹ አብዛኞቹ ሥላሴን የማይቀበሉ ዩኒቴሪያኖች ሆነው ተገኙ። ማንም ሰርቆ አይደለም። ማንም በር ሰብሮ አልገባም። በየትውልዱ ትንሽ ትንሽ እየተቀየረ ነው። በ1830 ክስ ተመሠረተ። «እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰባኪ» ማለት በእመቤቲቱ ዘመን ማን ማለት ነበር? እነዚህስ ይገቡበታል? ይህችን አንዲት ሐረግ ለመተርጎም 12 ዓመት ፈጀ። በ1842 ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ፈረደ፤ አይገቡበትም። ባለአደራዎቹ ወጡ። በዚህ ፍርድ ብዙ ጸሎት ቤቶች ላይ ያው ክስ እንዳይመጣ ተፈራና በ1844 ፓርላማው ሕግ አወጣ። ሰነዱ ስለ እምነቱ በግልጽ ካልተናገረ የ25 ዓመት ልማድ ይበቃል የሚል።

«እኛ ብዙ ነን፤ ብዙኃኑ ይወስናል» የምትሉ አላችሁ? አንገታችሁን ስትነቀንቁ አይቻለሁ። ለእናንተ ስኮትላንድ አለችላችሁ። በ1900 የስኮትላንድ ነፃ ቤተ ክርስቲያን አብዛኛው ሕዝቧ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐደ። ጥቂቶች «አንዋሐድም፤ ዋናዋ ቤተ ክርስቲያን እኛ ነን» አሉ። ካህናቶቻቸው ከሁለት ደርዘን ብዙም አይበልጡም። ሳቁባቸው። እነሱ ከሰሱ። ስኮትላንድ ውስጥ ተሸነፉ። ወደ ለንደን ይግባኝ አሉ። ፍርዱ ሳይነበብ ከዳኞቹ አንዱ ሞቱና ክርክሩ እንደገና ተሰማ። በነሐሴ 1904 ውጤቱ መጣ። አምስት ለሁለት፣ ለጥቂቶቹ! ሕንፃውም፣ ኮሌጁም፣ ገንዘቡም ለጥቂቶቹ። ምክንያቱም ገንዘቡ ሲሰጥ የነበረውን ትምህርት የጠበቁት እነሱ ናቸው ተባለ። ከሺህ በላይ አጥቢያ የነበረው ንብረት በጥቂት ሰው እጅ ገባ። መቀደሻ ቀርቶ መጥረጊያ ሰው የላቸውም። በዓመቱ፣ በ1905፣ ፓርላማው ሕግ አውጥቶ ንብረቱን የሚያከፋፍል ኮሚሽን ማቆም ነበረበት።

የቅርብ ጊዜም አለ። በ2014 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሲክ እምነት ቤተ መቅደሶችን ክርክር አየ። የክርክሩ ሥር የአንድ ቅዱስ መምህር ወራሽ ማን ነው የሚል ነው፤ ባለአደራዎቹን የመሾም ሥልጣን የማን ነው የሚለው በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? የእምነቱን እውነትነት አልፈርድም፤ ግን የአደራው ንብረት ጉዳይ ይህን ሳላይ የማይፈታ ከሆነ አየዋለሁ አለ። እንግዲህ «ይህ መንፈሳዊ ጉዳይ ነው፤ ፍርድ ቤት አይገባበትም» ብላችሁ የምትተማመኑ፣ ብዙም አትተማመኑ። ንብረት ካለ ዳኛ አለ።

ይኸው ነው ሁለተኛው። አሁን ሦስተኛው።

ድርጅታችን ትንሽ ነበር። አቅመ ደካማ አረጋውያንን ይረዳል፤ ለወላጅ አልባ ልጆች የትምህርት ወጪ ይሸፍናል። ሰባት የቦርድ አባላት አሉት። ከላይ አንድ መንፈሳዊ አባት የበላይ ጠባቂ ሆነው ተቀምጠዋል። ሁሉም ይዋደዱ ነበር። ይህን የምላችሁ ለማሳመር አይደለም፤ እውነት ይዋደዱ ነበር። ሰብሳቢውና የበላይ ጠባቂው በአንድ መኪና ነበር ወደ ስብሰባ የሚመጡት።

ደንባችን ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ። «ቦርዱ ከበላይ ጠባቂው ጋር በመመካከር ሥራ አስኪያጅ ይሾማል» ይላል። በመመካከር። ይህችን ቃል ስንጽፍ አጨብጭበናል። ጨዋ ቃል ናት። ማንንም አታስቀይምም።

አንድ ዓመት ሥራ አስኪያጁ ለቀቀ። ቦርዱ አንድ ሰው አሰበ። የበላይ ጠባቂው «እሱ አይሆንም» አሉ። ቦርዱ «ተመካክረናል፤ ሐሳብዎን ሰምተናል፤ ሾመነዋል» አለ። እሳቸው ደግሞ «ካልተስማማሁ ምኑን ተመካከርን?» አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው! በቃ፣ ከዚያ ሌላ ምክንያት የለም። እሳቸው ሌላ ሥራ አስኪያጅ ሾሙ። በማግስቱ ባንኩ ሁለት ደብዳቤ ደረሰው፤ ሁለቱም ማኅተም አላቸው። ባንኩ ሒሳቡን አገደ። ልክ እንደዚያ እንደ ህንዱ። ሁለት ጊዜ ሦስት ፊርማ።

አሁን የሚያሳፍረኝ ክፍል። ፍርድ ቤቱ ደንቡን ሲያዝ አንደኛው ወገን አንድ ቅጂ አቀረበ። «በመመካከር» ይላል። ሌላኛው ወገን ሌላ ቅጂ አቀረበ። «በማስፈቀድ» ይላል። ያው ወረቀት፣ ያው ቁጥር፣ ያው ማኅተም። አንዲት ቃል ብቻ ተለያየች። አዳራሹ ተንጫጫ። «ፎርጅድ ነው!» ተባባሉ። ሃያ ዓመት አብረው የጸለዩ ሰዎች «አጭበርባሪ» ተባባሉ።

ማንም አላጭበረበረም። ሁለተኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዓመታት በፊት ደንቡን እናሻሽል ተብሎ ነበር። ረቂቅ አዘጋጅ አሉኝ፤ አዘጋጀሁ። «በመመካከር» የሚለውን «በማስፈቀድ» አደረግኩት። ማኅተሙን የመታሁት ገጾቹ እንዳይቀላቀሉ ብዬ ነው፤ እንዴት ያለ ጅልነት ነው! ጉባኤው ሳይነጋገርበት ቀረ። ድምፅ አልተሰጠም። ቃለ ጉባኤ የለም። እኔም ወረቀቱን ከዋናው ጋር በአንድ ፋይል አስገባሁት። በላዩ ላይ «ረቂቅ» የምትል ቃል አልጻፍኩም። ሦስት ፊደል! ኋላ ላይ ፋይሉን የከፈተ ሰው የትኛውን በምን ያውቃል?

ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። ዳኛዋ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ «ይህን ማን ነው የጻፈው?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርክም?» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ አውቄ ዝም ብያለሁ። ፈርቼ ነው። አንደኛው ወገን ደስ ይለዋል፣ ሌላኛው ይጠላኛል ብዬ። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ። ፎቶ ኮፒ ሁለት ሁለት እያነሳሁ፣ ለሁለቱም ፈገግ እያልኩ ዝም አልኩ። ለዳኛዋ ግን ይህን አልነገርኳትም። «ረስቼው ነው» አልኳት። እውነቱን የተናገርኩት ዛሬ እዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ እንኳ አላለቀም። «በመመካከር»ም ቢሆን ትርጉሙ ምንድን ነው የሚለው ቀረ። ይግባኝ ተባለ። ዘጠኝ ዓመት ሞላ። በመሀል የበላይ ጠባቂው ዐረፉ። ሰብሳቢው ቀብር መጡ፤ ከኋላ ቆሙ፤ ማንም ወደፊት ይምጡ አላላቸውም። የቤት ኪራይ የምንከፍልላቸው አንዲት እናት ነበሩ። በየወሩ ቢሮ ይመጡና «ልጄ፣ ዛሬስ ፈረሙ?» ይሉኛል። ፈረደ ወይም ፈረዱ አይሉም። ፈረሙ ነው የሚሉት። ከኛ ጠበቆች ሁሉ ጉዳዩ በትክክል የገባቸው እሳቸው ናቸው። እሳቸውም የመጨረሻውን ውሳኔ አላዩትም።

ሒሳቡ የተከፈተ ዕለት የመጀመሪያው ቼክ የወጣው ለጠበቃ ነው። ሁለተኛውም። ቼኩን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ሰዓቴን አልፌአለሁ፤ ሰብሳቢው ወደ ሰዓታቸው እያዩ ነው። ይቅርታ። አንድ ሥራ ግን አለን።

አምስቱ ሰዎች የት አላችሁ? ደንቡን አውጡት። ሌሎቻችሁ አጠገባቸው ጠጋ በሉ። መጀመሪያ የፊርማውን አንቀጽ ፈልጉ። ፈራሚዎቹን ማን ይሾማል? ማን ያነሳል? ሁለት ሰው «ሰብሳቢ ነኝ» ብሎ ቢመጣ ባንኩ ማንን ይሰማል? ከዚያ «በመመካከር»፣ «በመግባባት»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚሉ ቃላትን ፈልጉና ከሥራቸው አስምሩባቸው። ከተመካከሩ በኋላ ባይስማሙስ? ከውጭ የሚዳኝ ሰው ተጽፏል? የእናት ቤተ እምነቷ ራሷ ብትከፈል ንብረቱ ወዴት ይሄዳል? የጠበቃውን ገንዘብ ከየት ነው የምትከፍሉት፣ ከድሃው ወይስ ከኪሳችሁ? መልሱን እኔ አልነግራችሁም፤ የየቤታችሁ ነው። አሁን ስትዋደዱ ጻፉት። እና እባካችሁ ረቂቁ ላይ «ረቂቅ» በሉበት።

እጅ ወጥቷል። ከኋላ፣ ነጠላ የለበሱት እናት። ማይክራፎኑን ስጧቸው። ይቀጥሉ እናቴ... ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት... እ? «የእኛ ላይ ፈራሚ ተብለው የተጻፉት ሰው ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው» ነው ያሉት?

እሺ። ከእሱ እንጀምር። ወንበሮቹን ክብ አድርጓቸው።